ስለ ዋንዛ ዛፍ፤ ከብሳና ተለይቶ ስለ መታወቁና ስለ አበቃቀሉ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው፥ በሸክላ ሥራዋ የታወቀችው ወለቃ፥ ለዋንዛ በሚስማማ ከፍታ ላይ የምትገኝ መንደር ናት። ዋንዛ በበጋ ቅጠሉን የሚያራግፍ ታላቅ የጥላ ዛፍ ነው፤ የረገፈውም ቅጠል በስብሶ ማሳውን ያለማል። ወደ ደባርቅ ሲወጣ ግን ብርዱ ስለሚጎዳው፥ ከ2,500 ሜትር በላይ ባለ ደጋ ችግኙን ማደል በከንቱ መድከም ነው።

ለዚህ ዛፍ ጥፋት ምክንያት የኾነው የእንጨቱ መልካምነት ነው። በርና ወንበር፥ ቀፎም፥ የቤተ ክርስቲያን ከበሮና የብራና መጽሐፍ ገበታም ይሠራበታል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን ከኮሶ፥ ከዝግባና ከጽድ ጋራ እንዳይቈረጥ ከልክሎ ነበር፤ ነገር ግን የተናገረው ስለ መንግሥትና ስለ ክልል ደን ነው። እርሱም በ1999 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ ተተካ። ስለዚህ በማሳ ላይ ያለው ዋንዛ የሚተርፈው ገበሬው ሲያውቀውና ሲተወው ነው።

የሚበዛው ጥፋት የሚደርሰው ዛፉ ገና ቡቃያ ሳለ ነው። ወፎች ፍሬውን በልተው ዘሩን በየማሳው ይጥላሉ፤ የበቀለውንም ገበሬው ብሳና መስሎት በማረሻ ይገለብጠዋል። የኹለቱም ቅጠል የልብ ቅርጽ ስላለው መሳሳቱ አያስገርምም። የወረዳ የእርሻ ሹማምንት ይህን ልዩነት በማሳው ላይ ቆመው ያሳዩ። የዋንዛ ቅጠል ሰፊ ነው፤ ላዩ ሲዳሰስ ይሻክራል። የብሳና ቅጠል ግን ውስጡ ነጣ ብሎ ይለሰልሳል፤ ሊረግፍ ሲል እንደ ብርቱካን ይቀላል። ያደገው ዛፍ በአበባውና በፍሬው ይለያል፤ ዋንዛ እንደ ጥሩንባ አፍ የተከፈተ ነጭ አበባ ያወጣል፥ ንቦችም ይወዱታል። ፍሬው ሲበስል ቢጫ፥ የሚያጣብቅና ጣፋጭ ስለ ኾነ እረኞች ይበሉታል። የብሳና ፍሬ ግን ደርቆ በሦስት ይከፈላል፤ አይበላም። ሾላና ወርካ ሲበጡ ነጭ ወተት ስለሚያወጡ ከዋንዛ ጋራ የሚያምታታቸው የለም።

ችግኝ ማፍላት የሚሻ የበሰለውን ፍሬ ለቅሞ በውሃ ይዘፍዝፍ፤ ሙጫውን አሽቶ ያጥራ፥ ፍሬውንም በጥላ ያድርቅ። ከተዘራ በኋላ ለመብቀል ከ40 እስከ 60 ቀን ይወስዳልና፥ ጠባቂው መደቡን ባዶ ነው ብሎ እንዳያፈርሰው አስቀድሞ ይነገረው። ተከላው ክረምቱ ሲገባ ነው። ከብት በበጋ ቅጠሉን ስለሚወድ ከአፉ እስኪያመልጥ ድረስ በእሾህ ይታጠር። ዛፉ አድጎ ጥላው ሰብሉን ያቀጨጨ እንደ ኾነ ከመዝራት በፊት ቅርንጫፉን መመልመል ይበቃል፤ የተመለመለውም ለከብት መኖና ለማገዶ ይኾናል።