ጄኔሬተርን ከኤሌክትሪክ ዕቃ ጋራ ስለ ማገናኘት

የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰበት ወይም በሚቋረጥበት አገር ላሉ ትምህርት ቤቶች በቤንዚን የሚሠራ ትንሽ ጄኔሬተር ታላቅ ረዳት ነው። ነገር ግን ኃይሉ የተመጠነ ነውና፥ ጉልበቱንና ሸክሙን ሳያመዛዝኑ ያገኙትን ሁሉ መሰካት ሞተሩንም ዕቃውንም ማበላሸት ነው።

የጄኔሬተር ጉልበት በዋት ይለካል፤ ልኩም በጎኑ ተጽፎ ይገኛል። እያንዳንዱ ዕቃ የሚፈልገው ዋትም እንደዚሁ ተጽፎበታል። አምፖል 10፥ ተንቀሳቃሽ ኮምፒዩተር 60 ዋት ያህል ሲበቃው፥ የሻይ ውኃ ማፍያ 2,000፥ የእንጀራ ምጣድ ደግሞ ከ3,000 ዋት በላይ ይሻል። ሙቀት የሚያወጣ ዕቃ ሁሉ ሆዳም ነው። ስለዚህ የሚሰኩትን ዕቃዎች ዋት አስቀድሞ በወረቀት ጽፎ መደመር ይገባል፤ ይህም ለተማሪዎች መልካም የሒሳብ ትምህርት ይሆናል።

የደጋ ሰዎች ግን አንድ ነገር ጨምረው ያስቡ። በጄኔሬተሩ ላይ የተጻፈው ዋት በባሕር ጠረፍ ላለው ወፍራም አየር የተሰላ ነው። ሞተር ቤንዚኑን የሚያቃጥለው በአየር ስለ ሆነ፥ አየሩ በሳሳ መጠን ጉልበቱ ይደክማል፤ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ከዐሥር እጅ አንዱን ያህል ያጣል። እንግዲህ ባለ 2,000 ዋት ተብሎ የተሸጠው ጄኔሬተር ደብረ ብርሃን ላይ 1,500 ዋት እንኳ አይሞላም። ይህን ያላወቀ ሰው ነጋዴውን ያማል። በዚህም ላይ ማቀዝቀዣንና የውኃ ፓምፕን የመሰለ ሞተር ያለው ዕቃ በሚነሣበት ጊዜ ለጥቂት ሴኮንድ ከልኩ ሦስት እጥፍና ከዚያም በላይ ይስባልና፥ አስቀድሞ ብቻውን ይሰካ፤ ሌላው ከእርሱ በኋላ ይከተል።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት ሁለቱም ጫፉ መሰኪያ በሆነ ገመድ ጄኔሬተሩን ከቤት ግድግዳ ሶኬት ጋራ ማገናኘት ነው። እንዲህ የገባው ኃይል በቆጣሪው አልፎ ወደ ውጭው መስመር ይወጣል፤ በምሰሶ ላይ ያለው ትራንስፎርመርም ቮልቱን ወደ 15,000 ከፍ ሊያደርገው ይችላል። መስመሩ ተቋርጧል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛ በዚህ ይሞታል። የመስመሩም ኃይል በድንገት ሲመለስ ጄኔሬተሩ ይቃጠላል። ዕቃውን በቀጥታ ከጄኔሬተሩ ሶኬት መሰካት ይሻላል፤ ቤቱን ሁሉ ማብራት የሚሻ ግን አንዱን መስመር ሳይዘጋ ሌላውን የማይከፍት ማዞሪያ በባለሙያ ያስገባ።

በሞተሩ ጭስ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ሽታም ቀለምም የሌለው መርዝ አለ፤ በተዘጋ ቤት ከሰል አንድደው የተኙትን የሚገድለው ይኸው ነው። ስለዚህ ዝናብን ወይም ሌባን ፈርቶ ጄኔሬተሩን በክፍል ውስጥ ወይም በበረንዳ ማቆም አይገባም፤ መስኮት መክፈትም አያድንም። ከደጅና ከመስኮት ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ፥ ጭሱ ወደ ሜዳ ዞሮ፥ ጎኑ ክፍት በሆነ ዳስ ሥር ይቁም። ለዚህ ርቀት የሚዘረጋው ገመድ ወፍራም ይሁን፤ እንደ ተጠቀለለም አይሥራ፥ ይግላልና።

ሞተሩን ማስነሣት ምንም ሳይሰኩ ነው፤ ሲያጠፉም ዕቃዎቹን አስቀድሞ መንቀል ይገባል። ቤንዚን የሚጨመረው ሞተሩ ጠፍቶ ከበረደ በኋላ ብቻ ነው።