ዲኤንኤ ጎበጠ፤ ገዳዩስ ማነው?

በፕላቲነም ኤሌክትሮዶች መካከል የኤሌክትሪክ ጅረት ያለፈባቸው ባክቴሪያዎች መከፋፈል አቁመው እስከ 300 እጥፍ ረዘሙ። የሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲው ባርኔት ሮዘንበርግ ከባልደረቦቹ ጋር ይህን «ኔቸር» ላይ ያሳተመው በ1965 ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ በ2025 60 ዓመት ሞላው። በዚሁ መንገድ ኃይሉ የታወቀው ሲስፕላቲን የተባለ የፕላቲነም መድኃኒት በ1978 በአሜሪካ ተፈቀደ፤ የተሰራጨ የወንድ ዘር ፍሬ ካንሰርን እንኳ በአብዛኛው የሚድን በሽታ አደረገው። ይህ ብዙ ስለተባለለት አልቆይበትም።

ደም ውስጥ ክሎራይድ ብዙ ስለሆነ መድኃኒቱ እንዳለ ይቆያል። ሕዋስ ውስጥ ሲገባ ክሎራይዱ ያንሳል፤ ሁለቱ የክሎራይድ እጆቹ በየተራ ይወድቁና ውሃ ይተካቸዋል። ያን ጊዜ ፕላቲነሙ ከዲኤንኤ ፊደሎች አንዱ የሆነውን ጉዋኒንን ይይዛል፤ ሁለት ጉዋኒኖች ጎን ለጎን ካገኘ ሁለቱንም። ከሚፈጥራቸው ትስስሮች 65 በመቶ ያህሉ እንዲህ ያሉ ናቸው። እንደ እንጀራ ተደራርበው የነበሩት ሁለቱ ፊደሎች ወደ ፕላቲነሙ ሲሳቡ መሃላቸው ይከፈታል፣ የዲኤንኤው መሰላልም ይጎብጣል። በ1995 የስቲቨን ሊፓርድ ቡድን በክሪስታል አሳይቶታል፤ ጉብጠቱ እንደ አለካኩ ከ30 ዲግሪ እስከ 80 ገደማ ይደርሳል።

«ፕላቲነም ዲኤንኤን ያላላል» የሚባለው ግን ግማሽ እውነት ነው። በአንዱ ክር ላይ የሚፈጠረው ትስስር መሰላሉን ስለሚያዳክመው በአነስተኛ ሙቀት ይከፈታል። ሁለቱን ክሮች የሚያስረው፣ ቁጥሩ ጥቂት ቢሆንም፣ ተቃራኒውን ያደርጋል፦ ክሮቹን ቆልፎ አያላቅቅም።

ጉብጠቱ ገዳዩ ለመሆኑ የሚመሰክረው ትራንስፕላቲን ነው። አተሞቹ ያው ናቸው፤ ክሎራይዶቹ ግን ፊትና ኋላ ስለተቀመጡ ጎን ለጎን ያሉትን ፊደሎች ማሰር አይችልም። መድኃኒትም አልሆነም። ሕዋሱ ውስጥ ያለ ኤችኤምጂቢ1 የተባለ ፕሮቲንም ጉብጠቱን ለይቶ አንድ አሚኖ አሲዱን በተከፈተው ስንጥቅ ውስጥ ይሰካል። ዲኤንኤን የሚጠግኑ ፕሮቲኖችን እንዳያስጠጋ ይከልላል የሚለው መላምት ያምራል፤ ፕሮቲኑ በሌላቸው የአይጥ ሕዋሳት ላይ ሲፈተን ግን ያን ያህል ልዩነት አልታየም።

የሲስፕላቲንን ታናሽ ወንድም ካርቦፕላቲንን ባጭሩ ልለፈው፦ በዲኤንኤ ላይ የሚያደርሰው ያው ነው፣ ኩላሊትን ግን ይምራል። ኦክሳሊፕላቲን ነው ነገሩን ያመሰው። ሲስፕላቲን እምብዛም ያልረዳውን የትልቁ አንጀት ካንሰር ይዋጋል፤ ሁሉም ግን እንደ ታላቅ ወንድሙ ዲኤንኤን አበላሽቶ ይገድላል ብሎ ያስብ ነበር። በ2017 «ኔቸር ሜዲስን» ላይ የወጣ ጥናት የሚገድልበት ዋናው መንገድ የፕሮቲን ፋብሪካ የሆኑትን ራይቦዞሞች ግንባታ ማወክ ነው አለ። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ያው ሊፓርድ ነው! ጉብጠቱን በክሪስታል ያሳየ ሰው ሁሉም የፕላቲነም መድኃኒት በዚህ አይገድልም ሲል እኔ አምነዋለሁ።

የውስጥ ጆሮም ገዳዩ አንድ ብቻ እንዳልሆነ ያስጠረጥራል። የሚሰሙልን ሕዋሳት አይከፋፈሉም፤ መከፋፈልን በመግታት ብቻ ቢገድል ኖሮ ሲስፕላቲን ሊያደነቁር ባልቻለ ነበር። ፕላቲነሙ ሕክምናው ካለቀ በኋላ ለወራትና ለዓመታት እዚያው ይቀመጣል። ሲስፕላቲን የሚወስድ ሰው ጆሮው መጮህ ከጀመረ ቀጠሮው እስኪደርስ ሳይጠብቅ ለሐኪሙ ይንገር።