ማርና ዘይት ከአንድ አበባ

ከመስቀል በኋላ በጎጃም፣ በወለጋና በሸዋ ማሳዎች ላይ ቢጫ ሆኖ የሚዘረጋው የኑግ አበባ ሁለት ነገር ይሰጣል። አንዱ ማር ነው፤ ንብ አናቢው በጥቅምትና በኅዳር ማሩን ሲቆርጥ ያየዋል፣ ይመዝነዋል፣ ገበያ ያወጣዋል። ሌላው የኑጉ ዘር ነው፤ ዘይት ይጨመቅበታል፣ ተረፉም ፋጉሎ ሆኖ ከብት ይቀለብበታል። ብዙዎቻችን ማሩን የንቧ፣ ዘሩን የገበሬው ድካም ውጤት አድርገን ለይተን እናያቸዋለን። ነገር ግን ንቧ አበባውን ስትቀስም ማሩንም ዘሩንም የምትጀምረው በዚያው በአንድ ጉብኝት ነው፤ ከሁለቱ ደግሞ ለአገር የሚበልጠው ያልተመዘነላት ዘር ነው። ስለዚህ ነፍሳት በአበባ ላይ የሚሠሩት ሥራ በራሱ እንደሚመጣ ነገር መታየቱ ቀርቶ፣ እንደ ምርጥ ዘርና እንደ ማዳበሪያ ከእርሻ ግብዓቶች ተርታ ሊቆጠር ይገባዋል እላለሁ። ይህን ለማለት የሚያበቃኝ ከሁሉ በላይ የኑግ አበባ አሠራር ነው።

ተክል የቆመበትን ቦታ ለቆ ተጓዳኝ ፍለጋ አይሄድም። ዘር እንዲያፈራ ግን የወንዴው ብናኝ ሴቴው አካል ጫፍ ላይ መድረስ፣ እዚያ ተጣብቆም ቀጭን ቱቦ እያበቀለ ወደ ውስጥ መዝለቅና እንቁላሉን ማግኘት አለበት። በትምህርት ቤት ርክበ ብናኝ ተብሎ የተማርነው የመጀመሪያውን እርምጃ፣ ማለትም የብናኙን መድረስ ነው። በቆሎ ይህን ሥራ ለነፋስ ትቶታል፤ ለዚህም ነው ከራሱ ላይ እጅግ ብዙ ቀላል ብናኝ የሚያራግፈው። ጤፍና ስንዴ ደግሞ በአብዛኛው በዚያችው በአንዷ ትንሽ አበባ ውስጥ ራሳቸውን በራሳቸው ያዳቅላሉ። ሌሎቹ፣ ከአበባ አብቃይ ዕፅዋት አብዛኞቹ፣ ተሸካሚ ይቀጥራሉ። ቀለሙና ሽታው ተሸካሚውን ይጠራሉ፤ ጣፋጩ ፈሳሽ ደሞዙ ነው። ነፍሳቱ ዘር የማዳቀል ሐሳብ የላቸውም፤ ለመብላት ሲገቡ ፀጉራማ አካላቸው ብናኙን ይይዛል፣ ቀጥለው የሚጎበኙት አበባም ከዚያ ላይ ይቀበላል። ጀርመናዊው ክርስቲያን ኮንራድ ሽፕሬንገል እ.ኤ.አ. በ1793 ባሳተመው መጽሐፍ አበቦች ይህን ለመሰለ ጉብኝት የተሠሩ መሆናቸውን በዝርዝር ሲያሳይ የዘመኑ ሊቃውንት ብዙም አላደመጡትም። ዋጋ የሰጠው ከእሱ በኋላ የመጣው ቻርልስ ዳርዊን ነው።

አሁን ወደ ኑጉ። በሩቅ አንድ አበባ የሚመስለው የኑግ ራስ የብዙ አበቦች ስብስብ ነው። በዙሪያው ስምንት ያህል ቅጠል መሳይ ቢጫ አበቦች አሉ፤ እነዚህ ሴቴ ብቻ ናቸው። መሐሉን የሞሉት አርባና ከዚያ በላይ ጥቃቅን አበቦች ደግሞ ወንዴም ሴቴም አካል አላቸው፤ ከዳር ጀምረው ወደ መሐል በተራ እየፈነዱ ለቀናት ይቆያሉ። እያንዳንዷ ትንሽ አበባ ብትሳካላት የምታፈራው አንድ ፍሬ ብቻ ነው። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነገር ግን ወሳኝ ነው። ኑግ የራሱን ብናኝ አይቀበልም። ከዚያው ተክል የመጣ ብናኝ ጫፉ ላይ ቢያርፍም ሴቴው አካል በኬሚካላዊ ምልክት ለይቶ ያውቀዋል፤ ቱቦውንም እንዳያበቅል ያግደዋል። ዘር የሚገኘው ከሌላ የኑግ ተክል ብናኝ ሲመጣ ነው። ብናኙ ደግሞ የሚያጣብቅ እንጂ እንደ በቆሎው በነፋስ የሚበተን አይደለም። እንግዲህ በአንዲት የኑግ ራስ ላይ የሚቆጠረው እያንዳንዱ ጥቁር ፍሬ አንድ ነፍሳት ከሌላ ተክል መጥቶ በዚያች ነጥብ ላይ ማረፉን ይመሰክራል። አበባው በቀኑ ያልተጎበኘ እንደሆነ ቦታው ፍሬ አልባ ገለባ ሆኖ ይቀራል። ገበሬው ይህን በአውድማ ላይ ሲያገኘው መሬቱን ወይም ዝናቡን ይወቅሳል፤ አንዳንዴም ልክ ነው፤ የነፍሳቱ መጉደል ግን በተጠርጣሪዎቹ ዝርዝር ውስጥ እንኳ አይገባም።

አንድ ተክል በእጁ ያለውን ብናኝ ትቶ የሌላውን የሚጠብቀው ለምንድን ነው? ዳርዊን ለዚህ ጥያቄ አሥራ አንድ ዓመት በሙከራ ደክሞበታል። እ.ኤ.አ. በ1876 ባወጣው መጽሐፍ፣ ከሌላ ተክል ብናኝ የተወለዱትን ችግኞች ከራሳቸው ከተዳቀሉት ጎን ለጎን እያሳደገ ሲለካ በአብዛኛው የመጀመሪያዎቹ ረዘም ያሉ፣ ጠንካሮችና ብዙ ዘር የሚሰጡ ሆነው አገኛቸው። ራስን በራስ ማዳቀል የተደበቁ ጉድለቶችን ያገናኛል፤ ከሌላው ጋር መዳቀል ይለያያቸዋል፣ ለበሽታና ለድርቅም የተለያየ አቅም ያለው ትውልድ ይሰጣል። ቀደም ሲልም ስለ ዝርያዎች አመጣጥ በጻፈው መጽሐፍ አንድ የማይረሳ ቁጥር አስቀምጦ ነበር፤ ንብ የጎበኛቸው አንድ መቶ የቀይ ክሎቨር ራሶች 2,700 ዘር ሲሰጡ፣ በመረብ የተሸፈኑት አንድ መቶ ራሶች አንዲት ዘር እንኳ አላፈሩም። ክሎቨር የመኖ ተክል ነው። አውሮፓውያን ወደ ኒውዚላንድ ወስደው ሲዘሩት ማሳው ለመለመ፣ ዘር ግን አልሰጥ ብሎ ዓመት በዓመት ከእንግሊዝ ዘር መግዛት ግድ ሆነ፤ ችግሩ የተፈታው እ.ኤ.አ. በ1885 ረጅም ምላስ ያላቸው ትላልቅ የዱር ንቦች ተወስደው ሲለቀቁ ነው። መሬቱም ዝናቡም ዘሩም ነበሩ፤ የጠፋው ተሸካሚው ብቻ ነበር። በኑግም ላይ በኢትዮጵያና በሕንድ በመረብ እየሸፈኑ የተደረጉት ሙከራዎች የሚያሳዩት ይህንኑ ነው፤ ነፍሳት የተከለከለው ኑግ ዘሩ በእጅጉ ያንሳል።

እዚህ ላይ የሚነሳው ጠንካራ ተቃውሞ ይህ ነው፤ የምንበላው እንጀራ ከጤፍ፣ ዳቦው ከስንዴ፣ ቂጣውና ገንፎው ከበቆሎና ከገብስ ነው፤ አንዳቸውም ንብ አይፈልጉም፤ ታዲያ ስጋቱ ተጋኖ አልቀረበም ወይ? ተቃውሞው ግማሽ እውነት አለው፤ ግማሹንም ሳላንገራግር እቀበላለሁ። ንብ ከጠፋች የሰው ልጅ አራት ዓመት ብቻ ይኖራል የሚለውና በአንስታይን ስም የሚዞረው አባባል እሱ ስለመናገሩ ማስረጃ የለውም፤ ይዘቱም ስህተት ነው። በዓለም በመጠን ከሚመረተው ምግብ 60 በመቶ የሚሆነው የሚመጣው እንስሳት ብናኝ ካላመላለሱለት ከማይጎዳ ሰብል ነው፤ በቀጥታ ለእነዚህ ተሸካሚዎች የሚቆጠረው የምርት ድርሻም ከ5 እስከ 8 በመቶ ብቻ ነው። ይሁንና ከዓለም 115 ዋና ዋና ሰብሎች መካከል 87ቱ በየደረጃው የእንስሳት ጉብኝት የሚሹ ናቸው። እህሉ ሆድ ይሞላል፤ በነፍሳት የሚፈሩት ግን ወጡን ወጥ የሚያደርጉት ናቸው፤ ዘይቱ፣ ባቄላው፣ ዱባው፣ ቲማቲሙ፣ ማንጎውና አቮካዶው። ሰውነት ቫይታሚኑን፣ ቤተሰብም ጥሬ ገንዘቡን የሚያገኘው በአብዛኛው ከእነዚህ ነው። የዘይት ዋጋ ሲንር ጓዳው ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው፣ ጤፍ እስካለ ድረስ ችግር የለም ብሎ አይጽናናም።

የቡና ነገር ደግሞ ለብቻው መታየት አለበት፤ ምክንያቱም ክርክሬን የሚያፈርስ ይመስላል። የእኛ ቡና፣ አረቢካው፣ ከኑግ በተቃራኒ የራሱን ብናኝ ይቀበላል። ንብ ባይመጣም ያፈራል። ጥያቄው ግን ማፍራቱ ላይ አያበቃም፤ ምን ያህልና ምን ዓይነት የሚለውም አለ። የቡና አበባ ከዝናብ በኋላ በአንድ ጊዜ ፈንድቶ በሁለትና በሦስት ቀን ይረግፋል፤ በዚያች አጭር ጊዜ ስንት ጎብኚ መጣ የሚለው የዓመቱን ምርት ይነካል። በኢንዶኔዥያዋ ሱላዌሲ ደሴት የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት፣ ሦስት ያህል የንብ ዝርያ ብቻ በሚጎበኛቸው ማሳዎች ፍሬ የያዙት አበቦች 60 በመቶ አካባቢ ሲሆኑ፣ ሃያ ያህል ዝርያ በሚመላለስባቸው 90 በመቶ መድረሳቸውን አሳይቷል። በኮስታሪካ ደግሞ ከደን በአንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ያለው የቡና እርሻ ምርቱ በ20 በመቶ ብልጫ ነበረው፤ በአንድ ቀይ ፍሬ ውስጥ ከሁለት ፍሬ ይልቅ አንድ ክብ ፍሬ ብቻ የሚገኝበት ጉድለትም ቀንሷል፤ ያ ጉድለት ከሁለቱ እንቁላሎች አንደኛው ብናኝ ሳይደርሰው ሲቀር የሚመጣ ነውና። የካፋን፣ የኢሉባቦርንና የጅማን ቡና ያስጠለለው ደን ጥላ ብቻ ሳይሆን የነዚህ ጎብኚዎች መኖሪያም ነው። ደኑን መንጥሮ ቡናውን ብቻ ማስፋት ትርፍ የሚመስለው ይህ ከሒሳቡ ውጭ ሲቀር ነው።

ነፍሳቱ ካነሱ ሰው ሥራውን አይሠራውም ወይ የሚልም አለ። ይሠራዋል፣ ተሠርቶም ታይቷል። የቫኒላ ተክል ከሜክሲኮ ወጥቶ በሕንድ ውቅያኖስ ደሴቶች ሲተከል አጋሩ የሆኑት ነፍሳት አብረውት አልመጡምና ፍሬ አልባ ሆኖ ቆየ፤ እ.ኤ.አ. በ1841 በሬዩኒዮን ደሴት በባርነት የነበረው የአሥራ ሁለት ዓመቱ ልጅ ኤድሞንድ አልቢየስ በስንጥርና በአውራ ጣት አበባውን የማዳቀል ዘዴ አገኘ። ዛሬም ቫኒላ አበባ በአበባ በሰው እጅ ይዳቀላል፤ ዋጋው ከዓለም ውድ ቅመሞች ጎራ የተሰለፈበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ማሌዥያም የዘይት ዘንባባዋን በሠራተኛ እጅ ታዳቅል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 ከዘንባባው የትውልድ አገር ከምዕራብ አፍሪካ፣ ከካሜሩን፣ አንዲት ትንሽ ጥንዚዛ አስመጥታ ለቀቀች፤ ጥንዚዛዋ ሥራውን ተረከበች፣ የሠራተኛው ወጪም ቀረ። ቫኒላ ውድ ስለሆነ የእጅ ሥራውን ይሸከማል። ኑግ አይሸከምም፤ በአንድ ሄክታር ላይ ያለውን የጥቃቅን አበባ ብዛት በብሩሽ የሚደርስ ቤተሰብ የለም።

እንግዲያው ቀፎ እናብዛ የሚለው መልስ ቀጥሎ ይመጣል። ለኑግ መልካም መልስ ነው፤ ቀፎን በማሳው ዳር ማስቀመጥ ዘሩንም ማሩንም ያሳድጋል። መልሱን ሙሉ የሚያደርገው ግን የማር ንብ ብቻ አይደለም። በዓለም ዙሪያ 41 የሰብል አካባቢዎችን አነጻጽሮ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ሰፊ ጥናት፣ የዱር ነፍሳት መብዛት ፍሬ መያዝን በሁሉም ቦታ ሲያሻሽል የማር ንብ መብዛት ግን በጉልህ ያሻሻለው በ14 በመቶዎቹ ብቻ መሆኑን አሳይቷል። ምክንያቱ በቲማቲም ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የቲማቲም ብናኝ ጠባብ ቀዳዳ ባለው ቱቦ ውስጥ ተዘግቶ የተቀመጠ ነው፤ አንዳንድ የዱር ንቦች አበባውን ጨብጠው በክንፍ ጡንቻቸው ሲያንዘረዝሩት ይረግፋል፣ የማር ንብ ግን ይህን ማድረግ አትችልም። የዱሮቹ ደግሞ ቀፎ አይገቡም። አብዛኞቹ በአፈር ውስጥ፣ በደረቀ ግንድና በሸንበቆ ቀዳዳ ነው የሚኖሩት፤ ማሯን ለመድኃኒት የምንፈልጋት ጣዝማ እንኳ ጎጆዋ ከመሬት በታች ነው። ድንበሩ ሁሉ እስከ ጫፉ በታረሰ፣ የወደቀ ግንድ ሁሉ ለማገዶ በተለቀመ አካባቢ ማደሪያ አያገኙም።

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ የኬሚካሉ ነው፤ ገበሬው በሚረጭበት ሰዓት ያለበትን ጭንቀት ሳያዩ መፍረድ ቀላል ነውና። የኑግ ዝንብ የምትባለው ተባይ እንቁላሏን የምትጥለው በአበባው ራስ ውስጥ ነው፤ ትሏ ዘሩን ከምንጩ ትበላዋለች። የኑጉ ጠላትም አጋርም በአንድ አበባ ላይ በአንድ ወቅት ይገኛሉ። ሆኖም ኑግ በአገራችን እምብዛም ኬሚካል የማይረጭበት ሰብል ነው፤ አደጋው የሚብሰው ከጎረቤት ማሳ፣ ከአትክልቱና ከጫቱ ላይ ነው። ንብ ለቀሰም ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ትበራለች፤ ስለዚህ የአንዱ ርጭት የሌላውን ዘር ይቀንሳል። ርጭቱን ፈጽሞ ይቅር የሚል ክርክር የለኝም። ንቦች ወደ ቀፏቸው ከገቡ በኋላ ምሽት ላይ መርጨት፣ አበባ ላይ ያለን ሰብል መተው፣ ከመርጨት በፊት ቀፎ ላለው ጎረቤት መናገርና ለንብ መርዛማነቱ ያነሰውን ዓይነት መምረጥ ተባዩን ሳይለቁ ጉዳቱን ይቀንሳሉ። ፀረ አረሙም ሌላ መንገድ አለው፤ ንብን በቀጥታ ባይገድል እንኳ መጭንና ሌሎች በማሳ ዳር የሚያብቡ ዕፅዋትን ያጠፋል። የኑግ አበባ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው፤ ከዚያ በፊትና በኋላ ያለውን ወር ነፍሳቱን የሚያሻግራቸው ይህ አረም የምንለው ነው። ሰብሉን የሚሻማውን አረም ከመሐል ማሳ መንቀልና ድንበሩን ሁሉ በኬሚካል ማራቆት አንድ ተደርጎ መታየት የለበትም።

በካሊፎርኒያ የአልሞንድ አብቃዮች ዛፎቻቸው በሚያብቡበት በየካቲት ወር ከመላው አሜሪካ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቀፎ በኪራይ ያስመጣሉ፤ ለንብ ሥራ ዋጋ ተተምኖለት በውል ይከፈላል። በእኛ አገር ኑግ በሚዘራበት አካባቢ ቀፎውም ማሳውም ብዙ ጊዜ በአንድ ቤተሰብ እጅ ስለሆነ እንዲህ ያለ ውል ላያስፈልግ ይችላል። የሚያስፈልገው የልማት ሠራተኛው ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ መጠን ሲያስተምር፣ በአበባ ወቅት በአንድ ካሬ ሜትር ስንት ነፍሳት እንደሚያርፉ መቁጠርንም አብሮ እንዲያስተምር ነው። በመረብ የተሸፈነ ትንሽ ቁራጭ መሬት በየቀበሌው የሠርቶ ማሳያ ማሳ ላይ ማዘጋጀት ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ በመከር ጊዜ የተሸፈነውንና ያልተሸፈነውን ለየብቻ ወቅቶ መመዘን ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በዚያ ቀበሌ ነፍሳቱ ለኑጉ ስንት ኪሎ እንደጨመሩ ይናገራል።