የተራቆተ ተራራ ምን ያስታውሳል?
የአፈር የዘር ጎተራና የዘር ጉዞ በደሃና

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ በሰቆጣና በዙሪያዋ ባሉት የዋግ ኽምራ ደጋማ ስፍራዎች አደይ አበባ ብቅ ይላል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ሥሩና ግንዱ ደርቆ ይጠፋል። ይሁን እንጂ በመጪው ዓመት ማንም ሳይዘራው ተመልሶ ይበቅላል። ለመሆኑ አደይ በረጅሙ በጋ የት ከርሞ ነው? መልሱ፣ በዘር መልክ በአፈር ውስጥ የሚል ነው።

ሕይወቱን ሳያጣ በአፈር ውስጥ የመብቀያ ጊዜውን የሚጠባበቀውን ዘር የሥነ ዕፅዋት ባለሙያዎች በአንድነት የአፈር የዘር ክምችት ይሉታል። እኛም የአፈር ጎተራ ብንለው ከእውነቱ የራቅን አይመስለንም። አስተዋይ ገበሬ ዘሩን አሟጦ በመጀመሪያው ዝናብ አይዘራም፤ ዝናቡ ቢከዳው ዳግም የሚዘራው ያስቀምጣል። የደረቅ አካባቢ ዕፅዋትም እንዲሁ ናቸው። ከአንድ ተክል ከረገፉት ዘሮች ከፊሎቹ በመጀመሪያው ርጥበት ሲበቅሉ፣ የቀሩት ጠንካራ ልባሳቸው ውሃ ስለማያስገባ ወይም ውስጣዊ እንቅልፋቸው ስላላበቃ ለከርሞ ይቆያሉ። ዳን ኮኸን የተባሉት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተሙት የሒሳብ ትንተና፣ ዝናብ በማይታመንበት ስፍራ ዘሩን በሙሉ በአንድ ዓመት የሚያበቅል ዓመታዊ ተክል ውሎ አድሮ እንደሚጠፋ አመልክተዋል።

ይህ ጎተራ ረጅም ዕድሜ ሊኖረው ይችላል። አሜሪካዊው ዊልያም ቢል እ.ኤ.አ. በ1879 የአረም ዘሮችን ከአሸዋ ጋር ቀላቅለው በ20 ጠርሙሶች በሚሺጋን ቀበሩ። እ.ኤ.አ. በ2021 ከተቆፈረው ጠርሙስ የተወሰዱ አንዳንድ ዘሮች ከ142 ዓመት በኋላ በቅለዋል።

ታዲያ አፈር የሁሉንም ተክል ዘር ጠብቆ ያቆያልን? የአገራችን ጥናቶች አያቆይም ይላሉ። ፕሮፌሰር ደመል ተክታይ ከአንደርስ ግራንስትሮም ጋር እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት ጥናት፣ በኢትዮጵያ ደረቅ ደጋማ ደኖች በአንድ ካሬ ሜትር የላይኛው አፈር ውስጥ ከ10,000 በላይ ዘር ተገኝቷል። ይሁንና በብዛት የሚገኘው የሣርና የሌሎች ለስላሳ ዕፅዋት ዘር ሲሆን የዛፎች ድርሻ እጅግ አነስተኛ ነበር።

ይህ ግኝት እንደ ደሃና ላለ አካባቢ ትልቅ ትርጉም አለው። አንድ የተራቆተ ተራራ ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ሲከለል ሣሩ ቶሎ ይመለሳል፤ አፈሩ ያስታውሰዋልና። ወይራና ጽድን የመሳሰሉት አገር በቀል ዛፎች ግን ዘራቸው ከሌላ ስፍራ ካልመጣ በቀር በመከለል ብቻ አይመለሱም። ስለዚህ ጥያቄው ዘሩን ማን ያመጣዋል የሚል ይሆናል።

ዕፅዋት እግር ባይኖራቸውም መጓጓዣ አላቸው። የክትክታ ፍሬ ክንፍ ስላለው ነፋስ ይወስደዋል። የግራርን ፍሬ ፍየል ይበላዋል፤ ጠንካራው ዘር ሳይፈጭ ከበጠጥ ጋር ይወጣል። ችግኝ በመብላት የምትወቀሰው ፍየል በዚህ በኩል ዘር አመላላሽ ናት። የወይራንና የጽድን ፍሬ ደግሞ ወፎች ውጠው ዘሩን ባረፉበት ይጥሉታል። ወፍ የምታርፈው ግን ራቁት መሬት ላይ ሳይሆን ቁጥቋጦ ላይ ነው። በትግራይ በተከለሉ ተራሮች የተደረጉ ጥናቶች የወይራ ችግኝ በይበልጥ እንደ ደደሆ ባሉ ቁጥቋጦዎች ጥላ ሥር እንደሚገኝ አሳይተዋል። ቁጥቋጦው የወፏ ማረፊያ፣ የችግኙም ሞግዚት ነው።

ወፏ ዘሩን የምታነሣው በአካባቢው ከተረፉት እናት ዛፎች ነው፤ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ደግሞ እነዚህ በአብዛኛው በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ይገኛሉ። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር ባካሄዷቸው ጥናቶች እንደታየው፣ ከብት በሚገባባቸው የቤተ ክርስቲያን ደኖች ችግኝ አድጎ ዛፍ መሆን ይሳነዋል። እናት ዛፎቹ አርጅተው ሲወድቁ ተተኪ ካላገኙ፣ ለዙሪያው ተራራ ዘር የሚለግስ አይኖርም።

ከደጋው ወደ ተከዜ ሸለቆ ቆላ ሲወረድም ዘር ብርቅ ነው። በዋግ ኽምራ በተለይ አበርገሌ በዕጣን ዛፍ ይታወቃል። በኤርትራ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣ ጥናት ካልተቆረጡ የዕጣን ዛፎች ዘር ከ80 በመቶ በላይ ሲበቅል፣ አብዝተው ከተቆረጡት ግን 16 በመቶው ብቻ በቅሏል። ዛፉ ዕጣን ሲያፈስ ለዘር የሚያውለው ስንቅ ይጎድለዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ ሌላ ጥናትም ከተፈተሹት የዕጣን ደኖች ሦስት አራተኛው ወጣት ዛፍ አልተገኘባቸውም።

እንግዲህ ተራራን መከለል የሥራው ጅማሮ እንጂ ፍጻሜው አይደለም። በተከለለው ስፍራ ደደሆውን ለማገዶ አለመመንጠር፣ የቤተ ክርስቲያኑን ደን ከከብት መጠበቅ፣ ወፍ ከማይደርስበት ርቀት ላይ ደግሞ ዘሩን በእጅ ማድረስ ያሻል። አፈር ሣርን ያስታውሳል፤ ዛፍን የማስታወሱ ኃላፊነት ግን የእኛ ነው።