ትምህርትን እንደ ሕፃናቱ ዐቅምና እንደ አካባቢያቸው ማዘጋጀት

ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ሕዝቡን ሲያስተምር ስለ ዘርና ስለ እርሻ፣ ስለ መረብና ስለ ዓሣ፣ ስለ በጎችና ስለ እረኛ እየመሰለ አስተምሯል። ሰሚዎቹ በየዕለቱ ከሚያዩት ተነሥተው ወደማያውቁት ምሥጢር እንዲደርሱ ነው። ይህ በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ለሚያስተምሩ መምህራንና ልጆቻቸውን ለሚያስጠኑ ወላጆች አብነት ይሆናል። በዚህ ጽሑፍም አንድ ትምህርት ለሕፃናቱ ዐቅምና ለአካባቢያቸው እንዴት እንደሚስማማ እንመለከታለን።

፩. ለምን ያስፈልጋል?

የመማሪያ መጽሐፍ የሚዘጋጀው በብዙ አካባቢዎች ለሚኖሩ ሕፃናት ነው። መጽሐፉ መደመርን በባቡር ተሳፋሪዎች ቢያስረዳ፣ ባቡር አይቶ የማያውቅ ሕፃን ባቡሩንም ስሌቱንም በአንድ ጊዜ መማር ይኖርበታል። ሳይገባው ሲቀርም ጉድለቱን በምሳሌው ላይ ሳይሆን በራሱ ላይ ያያል፤ “እኔ አልችልም” ብሎ ዝም ይላል፤ ቆይቶም ከትምህርት ገበታ ይርቃል። ስለዚህ ጉዳዩ ቀላል አይደለም።

፪. ከአብነት ትምህርት ቤት የምንማረው

በአብነት ትምህርት ቤት የኔታ እያንዳንዱን ሕፃን በየግሉ ያስቆጥራሉ። ሀሁን ያልለየ ወደ አቡጊዳ፣ አቡጊዳን ያልለየ ወደ መልእክተ ዮሐንስ አይሻገርም። አንዱ ዳዊት ሲደግም ሌላው ገና ፊደል ይቆጥራል፤ የቀደመውም የኋለኛውን ያስቆጥራል። የሚደረስበት አንድ ሲሆን፣ የጉዞው ፍጥነት ግን እንደየሕፃኑ ነው።

፫. በክፍል ውስጥ እንዴት ይፈጸማል?

አንድ ምሳሌ እንመልከት። ከ52 ላይ 27 እንዲቀንሱ የታዘዙ ብዙ ሕፃናት 35 ብለው ይጽፋሉ። ከ2 ላይ 7 መቀነስ ስላቃታቸው ገልብጠው ከ7 ላይ 2 ቀንሰዋል ማለት ነው። መምህሩ “ተሳስታችኋል” ብሎ ቢያልፍ ስሕተቱ ይደገማል። ይልቁንም ጭራሮ ያስለቅማቸው፤ ዐሥር ዐሥሩን በገመድ ያስራቸው። 52 ማለት አምስት እስርና ሁለት ነጠላ ነው። ሰባት ነጠላ ለማንሣት ሁለቱ ስለማይበቁ አንዱ እስር ይፈታል፤ ነጠላው ዐሥራ ሁለት ይሆናል። ሰባቱ ሲነሡ አምስት፣ ከቀሩት አራት እስሮች ሁለቱ ሲነሡ ሁለት እስር ይቀራል፤ መልሱ 25 ነው። “ከዐሥር ቤት መበደር” የሚባለው ነገር በእጃቸው ተዳሰሰ። ከዚያም የገባቸው ያለ ጭራሮ በትልልቅ ቁጥሮች ይለማመዱ፤ ያልገባቸው በጭራሮው ይቀጥሉ።

በሌላውም ትምህርት እንዲሁ ነው። የዕፅዋት ክፍሎች በእንሰት አካባቢ በእንሰት፣ በቡና አካባቢ በቡና ይማራሉ። ግማሽና ሩብ በድፎ ዳቦ፣ ርዝመት ከስንዝርና ከክንድ ተነሥቶ በሜትር ይለካል።

፬. ልናስተውላቸው የሚገቡ

ቋንቋ፦ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋዎች እንዲሰጥ ወስኗል። በአማራ ክልል እንኳ በአዊኛ፣ በኽምጣንኛና በአፋን ኦሮሞ የሚማሩ ሕፃናት አሉ። ቋንቋው ለሕፃኑ አዲስ ከሆነ ቃሉን አስቀድሞ በዕቃ፣ በሥዕልና በድርጊት ማሳየት ይገባል።

ወቅት፦ በአጨዳና በውቂያ ጊዜ የሚቀሩ ሕፃናት ይበዛሉ። አዲስና ከባድ ትምህርት በእነዚህ ሳምንታት ባይጀመር፣ ሲመለሱም ያለፋቸው ቢከለስላቸው መልካም ነው።

ጤና፦ ከሰሌዳ አሳስቶ የሚገለብጥ ሕፃን ሰነፍ ሳይሆን ዓይኑ የደከመ ሊሆን ይችላል። ወላጆች የሚያውቁትን ለመምህሩ ይንገሩ፤ መምህሩም ከፊት ያስቀምጠው።

፭. ጥንቃቄ

ትምህርትን ማስማማት ትምህርትን ማቅለል አይደለም። ለገጠሩ ሕፃን ጥቂት፣ ለከተማው ብዙ ማስተማር በደል ነው። በጭራሮ የጀመረው ሕፃን ያለ ጭራሮ ማስላት እስኪችል፣ በስንዝር የለካው በሜትር እስኪለካ ድረስ ሥራው አልተፈጸመም። አካባቢው መነሻው እንጂ አጥሩ ሊሆን አይገባም፤ ባቡሩንም በጊዜው ሊያውቀው ይገባል።

እንግዲህ መምህራን ነገ ወደ ክፍል ስንገባ፣ ወላጆችም ማታ ልጆቻችንን ስናስጠና፣ “ይህ ልጅ አስቀድሞ የሚያውቀው ምንድን ነው?” ብለን እንጀምር። አምላካችን ሕፃናቱን በጥበብና በሞገስ ያሳድግልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።