የተዋናይ ጭምብል ልክና የአማርኛ ንግግር

እቴጌ እሌኒ በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ታላቅ የድንጋይ ሕንፃ ባሠሩባት በመርጡለ ማርያም፣ እንደ ሌሎቹ የጎጃም አድባራት ሁሉ፣ ማኅሌት የሚቆሙት ሊቃውንት ራሳቸውን በነጭ ጥምጥም ይሸፍናሉ እንጂ ፊታቸውን አይከልሉም። ጥምጥሙ በየጊዜው በባለቤቱ ራስ ላይ ስለሚጠመጠም ከራሱ ጋራ ይስማማል፤ አፉም ለዜማና ለቅኔ ነጻ ሆኖ ይቀራል።

የቴአትር ጭምብል ግን ጠንካራ ስለ ሆነ አስቀድሞ መለካት ይገባዋል። በጃፓን የኖህ ቴአትር የእንጨቱ ጭምብል ከፊት ጋራ እንዲስማማ በውስጡ ትንንሽ ለስላሳ መደገፊያ ይደረጋል። የኢጣሊያ ኮሜዲያ ዴላርቴ ተዋንያን ደግሞ የላይኛውን ፊት ብቻ የሚሸፍን የቆዳ ጭምብል ያደርጉ ነበር።

ለአማርኛ ተዋናይ ይህ ሁለተኛው ይበጃል። በአማርኛ የፊደል መጥበቅና መላላት ትርጓሜን ይለውጣልና፤ «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ግን ይገኛል ማለት ነው። ጭምብሉ አፍን ካፈነ ይህ ልዩነት ለተመልካች በግልጥ አይደርስም፤ ሰምና ወርቅ ባለበት ንግግርማ ሰሙ ተሰምቶ ወርቁ ይቀራል።

ስለዚህ ጭምብል የሚመረጠው በመልኩ ማማር ብቻ አይደለም። ተዋናዩ አጥልቆት በሙሉ ድምፅ ይናገር፤ ይጎንበስ፤ ፊቱንም ወዲያና ወዲህ ያዙር። ቢንሸራተት በግንባሩና በጉንጩ በኩል ለስላሳ ጨርቅ ይደረብበት፤ ጠርዙ ቢቈረቍር ይለስልስ፤ የዓይኑ ቀዳዳ ከዓይኑ ትክክል ይዋል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ቃሉ ከኋላ ወንበር ካልተሰማ፣ ጭምብሉ ለሌላ ሰው ይሰጥ።