ሥዕሉ ላይ ያልገቡት ነጥቦች

ጥር 19 ቀን 1978 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 27 ቀን 1986) ማታ በአሜሪካ ዩታ ግዛት የነበሩ መሐንዲሶች፣ ቻሌንጀር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር በማግስቱ እንዳትነሳ አጥብቀው ተከራከሩ። ኩባንያቸው ሞርተን ታያኮል መንኮራኩሯን የሚያስነሱትን ሁለት ግዙፍ አጋዥ ሮኬቶች የሚሠራ ነበር። ሮኬቶቹ የሚሠሩት ክፍል በክፍል ተገጣጥመው ነው፤ በየመገጣጠሚያው የጋለው ጋዝ እንዳያመልጥ የሚይዘው የጎማ ቀለበት ነው። ጎማ ሲቀዘቅዝ ይደድራል፤ የደደረ ጎማ ደግሞ ክፍተቱን ቶሎ አይሞላም። መንኮራኩሯ በምትነሳበት በፍሎሪዳ ሌሊቱን ውኃ የሚያረጋ ብርድ እንደሚኖር ተተንብዮ ነበር።

መሐንዲሶቹ ስጋታቸውን በ13 ገጽ አዘጋጅተው በፋክስ ላኩ፤ በስልክ በተደረገው ስብሰባም አስረዱ። ሙቀቱ ከ12 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ከሆነ በረራው ይቅር አሉ። የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት የናሳ ኃላፊዎች ማስረጃው አላሳመናቸውም። ከክርክሩ በኋላ የኩባንያው ሥራ አስኪያጆች ሐሳባቸውን ቀይረው ፈቀዱ። ቻሌንጀር በማግስቱ ተነስታ በ73ኛው ሰከንድ፣ ሰባት ሰዎችን እንደያዘች በሰማይ ላይ ተበታተነች።

ከእነዚያ 13 ገጾች አንዱም የሙቀቱን መጠንና የቀለበቶቹን ጉዳት፣ ለተደረጉት በረራዎች ሁሉ፣ በአንድ ግራፍ አጣምሮ አላሳየም። ውይይቱ ያተኮረው ጉዳት በደረሰባቸው በረራዎች ላይ ነበር። ከእነሱ መካከል አንዱ የተደረገው በ12 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ሌላው በ24 ዲግሪ ገደማ ነው። በብርድም በሙቀትም ጉዳት ከደረሰ፣ ችግሩ የብርዱ ነው ለማለት ምን መነሻ አለ? ጥያቄው ከተቀመጠው መረጃ አንጻር ሲታይ ተገቢ ይመስላል።

አደጋውን የመረመረው የፕሬዚዳንቱ ኮሚሽን በሪፖርቱ ሁለት ግራፎችን አቀረበ። በመጀመሪያው ላይ ያሉት ጉዳት የታየባቸው 7 በረራዎች ብቻ ናቸው፤ ነጥቦቹ ግራና ቀኝ ተበትነው ምንም አይነግሩም። በሁለተኛው ላይ ምንም ችግር ያልታየባቸው በረራዎች ተጨመሩ። ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ ተገለጠ። የመገጣጠሚያው ሙቀት 17 ዲግሪ ገደማና ከዚያ በታች በሆነባቸው 4 በረራዎች፣ በአራቱም ጉዳት ደርሷል። 19 ዲግሪ ገደማና ከዚያ በላይ በሆነባቸው 20 በረራዎች ግን ጉዳት የደረሰው በ3ቱ ብቻ ነው። ከሥዕሉ ቀርተው የነበሩት፣ «ምንም አልተፈጠረም» ተብለው የታለፉት በረራዎች ናቸው ትርጉሙን ይዘው የተቀመጡት።

አንድ ነገር ልጨምር። አግድም ዘንጉ የሚቆመው እስከዚያ ከተደረጉት ሁሉ ቀዝቃዛ በሆነው በረራ ላይ ሳይሆን፣ ውሳኔ በሚጠበቅበት ሙቀት ላይ ቢሆን ኖሮ፣ ተመልካቹ ሌላም ነገር ያይ ነበር። ቻሌንጀር ስትነሳ የአየሩ ሙቀት 2 ዲግሪ ገደማ ነበር። ከቀድሞዎቹ ነጥቦች በስተግራ ሰፊ ባዶ ቦታ አለ፤ የዕለቱ በረራ ከዚያ ባዶ ቦታ ማዶ ብቻውን ይቆማል። ማንም ሞክሮት በማያውቅ ብርድ ሊበር መሆኑን ለማስረዳት አንድም ዓረፍተ ነገር ባላስፈለገ።

ኤድዋርድ ተፍቲ የተባለው የመረጃ ሥዕል ምሁር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በጻፈው መጽሐፍ መሐንዲሶቹን በዚህ ጉድለት ወቅሷል። እ.ኤ.አ. በ2002 ግን ከመሐንዲሶቹ አንዱ የሆነው ሮጀር ቦዥሊ ከሌሎች ጋር ሆኖ ባሳተመው ጽሑፍ ወቀሳው ፍትሐዊ አይደለም ሲል መለሰ፤ ተፍቲ የሳለው ግራፍ የአየሩን ሙቀትና የቀለበቱን ሙቀት ቀላቅሏል፣ ለግራፉ የሚያስፈልገው መረጃም ሁሉ በዚያ ሌሊት በእጃችን አልነበረም አለ። እኔ በዚህ ጉዳይ ለመሐንዲሶቹ አደላለሁ። በረራውን ለማስቆም የተሟገቱት እነሱ ናቸው፤ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ባላቸው ነገር ተከራክረዋል። ነገር ግን የኮሚሽኑን ሁለት ግራፎች ጎን ለጎን ያየ ሰው፣ ሥዕል በሳይንስ ሥራ ውስጥ ከጌጥ ተራ የሚመደብ ነገር እንዳልሆነ ይገባዋል።

ከቻሌንጀር አደጋ 130 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ለንደን ውስጥ ይህን የተረዳ ሐኪም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1854 በሶሆ ሰፈር ኮሌራ ገብቶ በጥቂት ቀናት በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ገደለ። የዘመኑ ሐኪሞች አብዛኞቹ በሽታውን የሚያመጣው የተበከለ አየር ነው ይሉ ነበር። ጆን ስኖ ግን ውኃው ነው ብሎ ያምን ነበር። የሟቾቹን ቤት በካርታ ላይ በጥቁር ምልክት ሲያሰፍር፣ ምልክቶቹ በብሮድ ጎዳና በነበረው የውኃ ፓምፕ ዙሪያ ተከማቹ። ይህ ካርታ ዛሬ በብዙ የጤና ትምህርት ቤቶች ይታያል፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ታሪኩ የሚነገረው በግማሹ ነው።

ምክንያቱም ክምችቱ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። አየሩም ቢሆን በአንድ አካባቢ ሊበከል ይችላል፤ ብዙ ሕዝብ በተጨናነቀበት ቦታ ብዙ ሰው መሞቱም አይገርምም። የስኖ ብልህነት ያልሞቱትን መፈለጉ ነው። ከፓምፑ አጠገብ 535 ድሆች የተጠለሉበት ተቋም ነበር፤ በዙሪያው ያሉት ቤቶች ሬሳ ሲያወጡ፣ በዚያ በኮሌራ የሞቱት 5 ብቻ ነበሩ። ግቢው የራሱ ጉድጓድ ነበረው። በዚያው ጎዳና ከ70 በላይ ሠራተኞች የነበሩት የቢራ ፋብሪካም ነበር፤ ከመካከላቸው በኮሌራ የሞተ አልነበረም። ሠራተኞቹ ቢራ ይታደላቸው ነበር፤ ፋብሪካውም የራሱ ውኃ ነበረው። አየሩ ለሁሉም አንድ ነው፤ የተለየው ውኃው ነው። በኋላ ባሻሻለው ካርታ ላይም ከብሮድ ጎዳና ፓምፕና ከሌሎቹ ፓምፖች እኩል የሚርቁትን ቦታዎች የሚያያይዝ መስመር ጨመረ። ያ መስመር አንባቢው «ውስጡስ? ውጭውስ?» ብሎ እንዲያነጻጽር ያስገድዳል።

ካርታው የፓምፑን እጀታ አስነቀለ እየተባለም ይተረካል። እጀታው የተነቀለው በሴፕቴምበር መጀመሪያ ላይ፣ ስኖ ለአካባቢው ኃላፊዎች ቀርቦ ካስረዳ በኋላ ነው፤ ካርታው የቀረበው ወራት ቆይቶ ነበር። ስለዚህ ሥዕሉን አስቀድሞ የወለደው ነጥሎ ማሰብ ነው። መጀመሪያ ምንን ከምን ጋር ላወዳድር የሚለውን ያልወሰነ ሰው፣ የቱንም ያህል ያማረ ሶፍትዌር ቢይዝ የሚረባ ግራፍ አይወጣለትም።

ማወዳደሩስ በቁጥር ብቻ አይቻልም ወይ? አማካዩን፣ የግንኙነቱን ልክ በሠንጠረዥ አስቀምጦ መሄድ ነዋ! ፍራንሲስ አንስኮምብ የተባለው የስታቲስቲክስ ሊቅ ለዚህ ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ1973 መልስ ሰጥቷል። እያንዳንዳቸው 11 ጥንድ ቁጥሮችን የያዙ አራት የመረጃ ስብስቦችን አዘጋጀ። በአራቱም የአንደኛው ተለዋዋጭ አማካይ 9፣ የሁለተኛው 7.5 ነው። የሁለቱ ዝምድና በአራቱም 0.82 ገደማ ነው፤ በነጥቦቹ መካከል የሚሰመረው ቀጥታ መስመርም አንድ ዓይነት ነው። በሠንጠረዥ የተቀመጠውን ማጠቃለያ ያነበበ ሰው አራቱ አንድ ናቸው ይላል። ሲሳሉ ግን አንደኛው በመስመሩ ዙሪያ የተበተነ ተራ መረጃ ይሆናል፤ ሁለተኛው ጥርት ያለ ቅስት ነው፤ ሦስተኛው ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ አንድ አፈንጋጭ ነጥብ ያጣመመው ነው። አራተኛው ከሁሉም ይብሳል፦ አሥሩ ነጥቦች አንዱ በአንዱ ላይ ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ «ዝምድና» የተባለውን ነገር የፈጠረው ርቆ የወጣ አንድ ነጥብ ብቻ ነው።

በየዩኒቨርሲቲያችን ለመመረቂያ የሚቀርቡ ጽሑፎች ውስጥ አማካዩን በባር ግራፍ አቅርቦ ማለፍ የተለመደ ነው። አምስት ወይም ስድስት ናሙና ብቻ ላለው ጥናት ይህ ትልቅ ብክነት ይመስለኛል። ስድስት ነጥብ በወረቀት ላይ ምን ያህል ቦታ ይፈጃል? ነጥቦቹን ራሳቸውን ማሳየት እየተቻለ በአንድ ወፍራም ባር መሸፈን፣ አንስኮምብ ያስጠነቀቀውን ነገር እያወቁ መድገም ነው። ባሩ ጫፍ ላይ የምትቆመው ቀጭን የስህተት መስመር ደግሞ ምን እንደምታሳይ ብዙ ጊዜ አይጻፍም። የመረጃውን ስርጭት ልታሳይ ትችላለች፤ ወይም የአማካዩን እርግጠኝነት። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፦ 25 ናሙና ባለው ጥናት የአማካዩ መደበኛ ስህተት ከመረጃው መደበኛ ልይይት አምስት እጥፍ ያንሳል። ያው መረጃ በአንዱ መስመር እርስ በርሱ የሚለያይ፣ በሌላው እጅግ የተስማማ ሆኖ ይታያል። ከሥዕሉ ሥር በሚጻፈው መግለጫ አንድ ሐረግ ቢጨመር ይበቃ ነበር።

የምንስልበት ቅርጽም ዓይናችን ምን ያህል በትክክል እንደሚያነብ ይወስናል። ዊሊያም ክሊቭላንድና ሮበርት መጊል እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጥናት ሰዎችን ግራፍ እያሳዩ መጠን አስገመቱ። ሰው በጣም የሚቀናው በአንድ የጋራ መስፈሪያ ላይ የተቀመጡ ነጥቦችን ቦታ ማወዳደር ነው። ርዝመትና ማዕዘን ከዚያ ይከተላሉ፤ ስፋት ይብሳል፤ ይዘትና የቀለም ድምቀት ከሁሉም ያሳስታሉ። ፓይ ቻርት ማዕዘንና ስፋት እንድንገምት ስለሚጠይቀን፣ 23 በመቶና 26 በመቶ የሆኑ ቁራጮችን ለመለየት እንቸገራለን። የቡና ሽያጭ በእጥፍ አደገ ለማለት የጆንያውን ሥዕል በቁመትም በወርድም እጥፍ አድርጎ የሚስል ሰው ደግሞ አራት እጥፍ ስፋት ያለው ጆንያ አቀረበ ማለት ነው። ባሮችን በሦስት አቅጣጫ ጥልቀት አልብሶ ማቅረብም ንባቡን ያበላሻል እንጂ የሚጨምረው እውቀት የለም።

ባር የሚነበበው በርዝመቱ ስለሆነ ከዜሮ መነሳት አለበት። 96 እና 98 የሚሉ ሁለት ቁጥሮች ከ95 በሚጀምር ዘንግ ላይ በባር ቢሳሉ፣ የአንዱ ቁመት 1፣ የሌላው 3 ይሆናል፤ ተመልካቹ ሦስት እጥፍ ልዩነት ያያል። ለመስመር ግራፍ ግን ይህ ግዴታ የለም። የሰውነት ሙቀት ከ37 ወደ 39 ዲግሪ መውጣቱን ከዜሮ በሚጀምር ዘንግ ላይ ብናሳየው፣ ብርቱ ትኩሳት ያለበት በሽተኛ ጤነኛ ይመስላል።

በእኛ አገር ደግሞ በውጭ የተጻፉት መመሪያዎች የማያነሱት ችግር አለ፤ እሱም የዘመን ዘንግ ነው። «2016» ብቻ ተብሎ የተጻፈበት ግራፍ በኢትዮጵያ አንባቢ እጅ ሲገባ ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል፦ የእኛ ዓመተ ምሕረት፣ የአውሮፓውያኑ ዓመት፣ ወይም ሐምሌ 1 ቀን 2015 ዓ.ም. የጀመረው የ2016 በጀት ዓመት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት መካከል ያለው ልዩነት እንደ ወሩ 7 ወይም 8 ዓመት ነው። ከዓለም አቀፍ ተቋም የተወሰደ መረጃና ከአገር ውስጥ መሥሪያ ቤት የተገኘ መረጃ በአንድ ግራፍ ላይ ሲገናኙ፣ የዝናብ እጥረት በአንዱ መስመር፣ የምርት መቀነስ በሌላው መስመር ሲሳል፣ መስመሮቹ የሚዛመዱትም የማይዛመዱትም በዘመን አቆጣጠሩ ስህተት ብቻ ሊሆን ይችላል።

ጳጉሜን ደግሞ እናስብ። በየቀኑ 40 ታካሚ የሚያይ ጤና ጣቢያ አለ እንበል። በየወሩ 1,200 ይመዘግባል፤ በጳጉሜን ግን 200 ብቻ። የወር ድምሩን በባር የሳለ ሰው በየዓመቱ መጨረሻ አገልግሎቱ በድንገት የወደቀ ያስመስላል። በአራት ዓመት አንዴ ጳጉሜን 6 ቀን ሲሆን ባሩ ከፍ ይላል፤ «መሻሻል» ታየ ማለት ነው። ጳጉሜንን ከነሐሴ ጋር መደመርም መፍትሔ አይሆንም፤ ነሐሴን ያለ ምክንያት ያሳብጠዋል። የሚሻለው ሁሉንም ወር ወደ ቀን አማካይ ቀይሮ መሳል ነው፤ ያኔ አሥራ ሦስቱም ባሮች በአንድ መስፈሪያ ይለካሉ። ዘንጉን በተመለከተ ደግሞ ከታች የእኛን ወራት፣ ከላይ የአውሮፓውያኑን ማስፈር ይቻላል። የግራፍ ሶፍትዌሮች ሁለተኛ ዘንግ ይፈቅዳሉ፤ ወረቀቱን አዲስ አበባ ሆኖ የሚያነበውም፣ ውጭ አገር ሆኖ የሚገመግመውም በራሱ አቆጣጠር ያገኘዋል።